ከጋምቤላ እስከ ደብረ ብርሃን፦ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን እርጥበት ስንት ላይ ይሁን፣ በምንስ ይያዝ?

መጀመሪያ ማሽን የገዛሁ ጊዜ ማኑዋሉ ላይ "እርጥበት 55፣ የመጨረሻ ሶስት ቀን 65" ይላል፣ እኔም እንደ ወንጌል ያዝኩት። ድሬዳዋ ያለችው አክስቴ ግቢዋ ከሚውሉት ዶሮዎች 30 እንቁላል ለቅማ በጭድ ጠቅልላ በአውቶብስ ላከችልኝ፣ አንድ ቀን አሳርፌ አዲስ አበባ ቤቴ ከተትኩት፣ ሙቀት 37.5፣ እርጥበት 55፣ ሁሉም በልኩ ነው ብዬ። በ21ኛው ቀን 9 ጫጩት ብቻ። የቀረውን አንድ ቀን ተኩል ጠብቄ ጋዜጣ አንጥፌ አንድ በአንድ ሰበርኩት። ስታዩት አንጀት ይበላል፣ ጫጩቱ ያለቀለት ነው፣ ላባው ሁሉ ወጥቷል፣ ምንቃሩ ቅርፊቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ ግን ውስጠኛው ስስ ሽፋን እንደ ላስቲክ ደርቆ ገላው ላይ ተጣብቆ አላንቀሳቅስ ብሎታል። የአየር ኪሱ (በእንቁላሉ ወፍራም ጫፍ ያለው ባዶ ቦታ) ደግሞ ከመጠን በላይ ሰፍቶ ቁጭ።

በዛው ሰሞን ጋምቤላ የሚሰራ ጓደኛዬ ያንኑ ዓይነት ማሽን ይዞ የኔን ግልባጭ አገኘ። እሱ ሁለቱንም የውሃ ቦይ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር፣ የሱ ጫጩቶች ቅርፊቱን በስተው ከዛ አፍንጫቸው ውሃ ውስጥ ገብቶ የቀሩ፣ ሆዳቸው ያበጠ፣ እትብታቸው ያልዘጋ፣ ሲሰበር ዝልግልግ ያለ ነገር የሚፈስ። አንድ ማሽን፣ አንድ ማኑዋል፣ አንዱ ጋ ድርቀት አንዱ ጋ መስጠም። ስለዚ "ስንት ላይ ላድርገው?" ለሚል ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ያለህበት ቦታ ከፍታው ስንት ነው፣ እንቁላሉስ ከየት መጣ የሚለውን ነው።

ከፍታው ምን ያደርጋል

እንቁላል ቅርፊቱ ላይ በዓይን የማይታዩ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት፣ በነሱ ውሃ በትነት ይወጣል፣ ኦክስጅን ይገባል። ማሽን ውስጥ በገባ በ18 ቀን ከክብደቱ 12 ፐርሰንት ገደማ መቀነስ አለበት፣ ከ11 እስከ 13 ቢሆን ሰላም ነው። ይቺ የወጣች ውሃ ናት የአየር ኪሱን የምታሰፋው፣ ጫጩቱ ቅርፊቱን ሳይሰብር በፊት የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበው ከዛ ኪስ ነው። ኪሱ ከጠበበ ይሰጥማል፣ ከመጠን ካለፈ ሽፋኑ ይደርቅበታል። እርጥበት ምናምን የምንለው ሁሉ ለዚች 12 ፐርሰንት ሲባል ነው።

አሁን ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለውን የአየር ግፊት 100 ብትሉት ጋምቤላ (500 ሜትር ገደማ) ወደ 94 ነው፣ ድሬዳዋ (1200) ወደ 87፣ ባህር ዳር (1800) ወደ 81፣ አዲስ አበባ (2350 አካባቢ) ወደ 76፣ ደብረ ብርሃን (2800 አካባቢ) ወደ 72። አየሩ በሳሳ ቁጥር የውሃ ትነት በቀዳዳው በቀላሉ ሾልኮ ይወጣል፣ የሚገፋው አየር አነሰ እኮ። ስለዚ አንድ የቆላ እንቁላል ማሽኑ 55 እያሳየ አዲስ አበባ ላይ ከባህር ወለል ይልቅ ሲሶ ያህል ተጨማሪ ውሃ ያጣል፣ 12 መሆን የነበረበት 16 ይጠጋል። የአክስቴ እንቁላሎች ነገር ይሄው ነው (ሌላም ጉድ ነበረው፣ እመጣበታለሁ)።

ሁለተኛው ነገር የክፍሉ አየር ነው። ቀዝቃዛ አየር ስታሞቁት ሬላቲቭ እርጥበቱ (አየሩ በዛ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ ስንት ፐርሰንቱን እንደያዘ የሚለው ቁጥር) ይወርዳል። ጥር ላይ ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል 15 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 40 ቢሆን፣ ያንን አየር ማሽኑ ወስዶ 37.5 ላይ ሲያደርሰው 11 ብቻ ይሆናል። አስራ አንድ! አዲስ አበባ በክረምት፣ ውጪ ጭቃ፣ ልብስ ሶስት ቀን አልደርቅ ብሎ፣ ክፍሉ 16 ዲግሪና 85 እርጥበት ቢሆን እንኳን ማሽኑ ውስጥ 24 ነው የሚሆነው። "ክረምት ስለሆነ ውሃ አልጨመርኩም" የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ፣ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ጋምቤላ ግን ክፍሉ 30 ዲግሪና 70 እርጥበት ከሆነ ማሽኑ ውስጥ ያለ አንዲት ጠብታ ውሃ 46 ይሆናል። የጓደኛዬ ማሽን ከ46 ተነስቶ ነው ሁለት ቦይ ውሃ የተጨመረበት፣ ምን ይጠበቃል ታዲያ።

ታዲያ ስንት ላይ?

እንቁላሉ ቆላ ከኖረች ዶሮ ከሆነና የሚፈለፈለው ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ፣ ባህር ወለል ላይ 55 የሚሰራውን መነሻ አድርገን በግፊቱ ልክ ስናስተካክለው ጋምቤላ 58 አካባቢ፣ ድሬዳዋ 61፣ ባህር ዳር 64፣ አዲስ አበባ 66፣ ደብረ ብርሃን 68 ይመጣል። ይሄ እስከ 18ኛው ቀን ያለው ነው። ቁጥሩን እንደ ታቦት አትያዙት፣ መነሻ ናት፣ ከዛ በኋላ ሚዛን ነው የሚመራችሁ።

እንቁላሉ ግን እዛው ደጋ ከኖረች ዶሮ ከሆነ ታሪኩ ይለያል። ካሊፎርኒያ ዋይት ማውንቴን የሚባል ተራራ ላይ 3800 ሜትር ከፍታ ነጭ ሌግሆርን ዶሮዎችን እያረቡ ያጠኑ ሰዎች ነበሩ፣ እዛ የኖሩት ዶሮዎች የሚጥሉት እንቁላል ቅርፊት ትነት የሚያሳልፈው ከቆላ እንቁላል ያነሰ ሆኖ ተገኘ፣ ማለት ዶሮዋ ራሷ የሳሳውን አየር ታካክሰዋለች። ስለዚ የደብረ ብርሃን ዶሮ እንቁላል ደብረ ብርሃን ሲፈለፈል 68 ላይ ብትሰቅሉት ልታሰጥሙት ትችላላችሁ፣ ከ55 እስከ 58 ጀምሩና በ7ኛው ቀን መዝኑ። የደጋ እንቁላል ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ በግልባጩ ቀዳዳው ጠባብ ሆኖ ወፍራም አየር ይጠብቀዋል፣ ውሃ አልወጣ ይለዋል፣ እርጥበቱን ከ45 በታች ማድረግ ሊያስፈልግ ነው። ምርጫ ካላችሁ የኔ ምክር ግልፅ ነው፣ እንቁላል ካላችሁበት ከፍታ ግዙ። ከሩቅ የመጣ "ጥሩ ዘር" የሚባል እንቁላል በመንገድ መንገጫገጭም በከፍታ ለውጥም ሁለቴ ነው የሚመታው፣ ዘሩን ከፈለጋችሁ ጫጩቱን አምጡና እዚህ አሳድጉት፣ እሱ ሲጥል ትፈለፍላላችሁ።

የእንቁላሉ መጠንም አለ። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ነው፣ ትንሽ እንቁላል ከክብደቱ አንፃር ሲታይ የሚተነፍስበት ገላው ሰፊ ነው፣ ስለዚ ቶሎ ይደርቃል። ትልልቅ የኮይኮይክ (ከውጪ የመጣ የዶሮ ዝርያ ነው) እንቁላልና የሀበሻ እንቁላል አንድ ትሪ ላይ ስትቀላቅሉ አንደኛው መጎዳቱ አይቀርም። ካልሆነላችሁ እርጥበቱን ለብዛቱ አድርጉት፣ ሁለቱንም ለማስደሰት መሃል ላይ ማድረግ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ መግደል ነው። በነገራችን ላይ ከሱቅ የተገዛ የፈረንጅ እንቁላል አውራ ያላየ ነው፣ 66ም አድርጉት 86 አይፈለፈልም፣ ይሄን የምፅፈው ስለሚጠየቅ ነው።

ሃይግሮሜትር (የእርጥበት መለኪያ) ወይስ ሚዛን?

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ግዛ ቢሉኝ ሚዛን። አለቀ።

ምክንያቱ ይሄ ነው፤ ያ ቅድም ያልኩት ጉድ። ከዛ ከዘጠኙ ጫጩት በኋላ የማሽኑን ሴንሰር በጨው ሞከርኩት። የሃይላንድ ክዳን ውስጥ የወጥ ጨው አድርጎ፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጥቂት ውሃ ጠብ ጠብ ማድረግ (መሟሟት የለበትም)፣ ከሴንሰሩ ጋር ላስቲክ ውስጥ አድርጎ አፉን ጥብቅ አድርጎ አስሮ ማሳደር። ጠዋት 75 ማሳየት አለበት፣ ይሄ ደብረ ብርሃንም ጋምቤላም አይለወጥም። የኔ 83 ይላል! ማለት 55 ሲለኝ የነበረው በእውነት 47 ነበር። ሳሳ ባለ አየር ላይ 47፣ የቆላ እንቁላል፤ ሂሳቡን ስሰራው ከ18 ፐርሰንት በላይ ውሃ አጥተዋል። ዘጠኝ መውጣታቸውም ይገርማል።

ሚዛን ግን አይዋሽም ወይም ቢዋሽም ሁሌ እኩል ነው የሚዋሸው፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ልዩነቱን ነው። አንድ ግራም የሚለይ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። እንዲህ ነው የማደርገው፤ ሳስገባ ሙሉውን ትሪ ከነእንቁላሉ እመዝናለሁ፣ የባዶ ትሪውን እቀንሳለሁ። 30 እንቁላል እያንዳንዱ 50 ግራም ገደማ ቢሆን 1500 ግራም ነው። 12 ፐርሰንቱ 180 ግራም፣ ለ18 ቀን ሲካፈል በቀን 10 ግራም። ስለዚ በ7ኛው ቀን 1430፣ በ14ኛው 1360፣ በ18ኛው 1320። በ7ኛው ቀን 1430 መሆን ሲገባው 1410 ከሆነ ደርቆባችኋል፣ እርጥበቱን ስድስት ሰባት ከፍ አድርጉ፤ 1450 ከሆነ ረጥቧል፣ ቀንሱ፣ ወይም ውሃውን ጭራሽ ለሁለት ሶስት ቀን አውጡት። በባትሪ አይታችሁ ባዶ የሆኑትን ስታወጡ ክብደታቸውን ከመነሻው ላይ መቀነስ እንዳትረሱ፣ እኔ አንዴ ረስቼ ሁለት ቀን ሙሉ "በአንድ ሌሊት 200 ግራም ጠፋ" ብዬ ስጨነቅ ነበር።

ጨርቅ የተጠቀለለበት ቴርሞሜትር ወይም እርጥብ ቴርሞሜትር የሚጠቀሙ የድሮ ሰዎች አሉ፣ አሪፍ ነው፣ ሴንሰር እንደሚበላሽ አይበላሽም። ንባቡን ወደ እርጥበት የሚቀይሩበት ሰንጠረዥ ግን ለባህር ወለል የተሰራ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ 51 ሲል በእውነት 53 አካባቢ ነው፣ ሁለት ነጥብ ናት፣ አትጨነቁባት። ይልቅ የሚያሳስበኝ ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ የሚፈትሽ ሰው ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ 100 አላሳየም ብላችሁ "አስተካክላችሁ" ማሽኑን ስምንት ዲግሪ ልታበላሹት ነው። በበረዶ ነው የሚፈተሸው፣ የተከሰከሰ በረዶ በትንሽ ውሃ፣ ዜሮ።

ውሃውን በምን?

*ያለ ውሃ።* ቆላ ላይ ለሚፈለፍል ሰው የመጀመሪያ ሙከራው ይሄ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ጋምቤላ በዝናቡ ወራት እስከ 18ኛው ቀን ውሃ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል፣ ክፍሉ 30 ዲግሪና 80 እርጥበት ከሆነ ማሽኑ ራሱ ከ50 በላይ ይሄዳል። ድሬዳዋ ሞቃት ቢሆንም ደረቅ ነው፣ 28 ዲግሪና 45 እርጥበት ያለው ክፍል ማሽን ውስጥ 26 ነው የሚሰጠው፣ ስለዚ እዛ ያለ ውሃ አይሆንም። "ድራይ ሃች" (ያለ ውሃ መፈልፈል) እያሉ ከውጪ ቪዲዮ የሚያዩ ልጆች አዲስ አበባ ላይ ሲሞክሩት አይቻለሁ፣ እነዛ ቪዲዮዎች የሚቀረፁት ክፍሉ ራሱ እርጥብ የሆነ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ደጋ ላይ ድራይ ሃች ማለት ቋንጣ መስራት ማለት ነው።

*የውሃ ትሪ ወይም ቦይ።* ርካሽ፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሰራ፣ የሚበላሽ ነገር የሌለው። ሰው የሚስተው አንድ ነገር ነው፣ እርጥበቱን የሚወስነው የውሃው ጥልቀት አይደለም፣ ስፋቱ ነው። ጣሳ ሙሉ ውሃ ከማስቀመጥ የጠፍጣፋ ሳህን ግማሽ ይበልጣል። ጥልቀቱ የሚያገለግለው ቶሎ እንዳያልቅ ብቻ ነው። ችግሩ ወይና ደጋ ላይ 60 ድረስ ይሄድላችኋል፣ ከዛ በላይ አየር ማስገቢያው ተከፍቶ እያለ መውጣት ይከብደዋል፣ ደብረ ብርሃን በበጋማ ትሪ ብቻውን ይደክመዋል።

*ጨርቅና ስፖንጅ።* የትሪው ታናሽ ወንድም ነው። የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ (ፈትሉ ንፁህ ጥጥ ስለሆነ ውሃ በደንብ ይስባል) አንድ ጫፉን ውሃ ውስጥ ሌላውን ፋኑ የሚነፍስበት ሽቦ ላይ ስትሰቅሉት እርጥበቱ ወዲያው ከ55 ወደ 65 ሲወጣ ታያላችሁ። ሳንቲም ያልወጣበት ነገር ሆኖ በጣም የሚሰራ ይሄ ነው፣ እኔ ለሁለት ዓመት በዚህ ነው የፈለፈልኩት። ጣጣው ንፅህና ነው። በ37 ዲግሪ እርጥብ ጨርቅ ማለት የሻጋታ ቤት ማለት ነው፣ በየአራት ቀኑ አውጥታችሁ ቀቅሉት ወይም ቀይሩት። ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ከተገተረ የውሃው ጨው ይዞታል ማለት ነው፣ ያ ጨርቅ ከዛ በኋላ ውሃ አይስብም። ስፖንጅ ያው ነው ግን ለማፅዳት የባሰ ነው፣ አልወደውም።

*ሂዩሚዲፋየር ከነኮንትሮለሩ።* ያ ጭስ የሚመስል ጉም የሚተፋው። ደጋ ላይ ከ100 እንቁላል በላይ የምትፈለፍሉ ከሆነ ግዙት፣ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱ ዋጋውን ስለሚያስረሳ። ሳሳ ባለ አየር ላይ ኦክስጅኑም ሳስቷል፣ አዲስ አበባ ላይ ፅንሱ የሚያገኘው የኦክስጅን ግፊት የባህር ወለሉ ሶስት አራተኛ ገደማ ነው። በተለይ ከ15ኛው ቀን ወዲህ ጫጩቱ ሲተልቅ አየር ይፈልጋል፣ ስለዚ ማስገቢያው ቀዳዳ ክፍት መሆን አለበት። ቀዳዳውን ስትከፍቱ ደግሞ ያ 11 ፐርሰንት የሆነ የደብረ ብርሃን አየር ሰተት ብሎ ገብቶ እርጥበቱን ያወርደዋል። ትሪ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ቀዳዳውን በፕላስተር ይለጥፋል። እርጥበቱ ያምራል፣ 66 ይላል፣ ጫጩቱ ግን በ19ኛው ቀን ታፍኖ ያልቃል፣ ሲሰበር ደግሞ መልኩ ደህና ስለሆነ "ዘሩ ደካማ ነው" ይባላል። ደጋ ላይ የእርጥበት መሳሪያ የሚመረጠው ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እያለ የምትፈልጉትን ቁጥር መያዝ ይችላል ወይ በሚል ነው። ሂዩሚዲፋየር ይችላል። ትሪ ግን አይችልም፣ ነጠላው እንደ ማሽኑ ትልቀት ነው።

ግን ሂዩሚዲፋየሩ ሁለት ፀባይ አለው። አንደኛ ጉሙን በቀጥታ እንቁላል ላይ እንዲተፋ አታድርጉት፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ያረጥበዋል፤ ፋኑ አየር የሚስብበት ጋ ነው መግባት ያለበት። ሁለተኛ ውሃው ጨዋማ ከሆነ ጉሙ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ሆኖ ቅርፊቱ ላይም ሴንሰሩ ላይም ይቀመጣል። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ሰዎች በተለይ። እኔ የክረምት የጣሪያ ዝናብ ውሃ አጥልዬ አፍልቼ በጀሪካን አስቀምጣለሁ፣ ጎረቤቶቼ ፀበል ይመስላቸዋል።

*የምታቅፍ ዶሮ።* ይቺንም ከምርጫው አላወጣትም። አስር አስራ ሁለት እንቁላል ብቻ ካላችሁ ማሽን መግዛት ለምን? ጭድ ላይ ትቀመጣለች፣ ታገላብጣለች፣ መብራት አይጠፋባትም፣ ሃይግሮሜትር አታይም። ጉዳቱ ታቅፋ እስክትጨርስና ጫጩት እስክታሳድግ እንቁላል አትጥልም፣ እናንተ በፈለጋችሁ ጊዜም አታቅፍም። እኔ ግን ማሽን ስሞክር አንድ የምታቅፍ ዶሮ ካለች ከዛው እንቁላል ጥቂቱን እሷ ስር አስቀምጥላታለሁ፤ እሷ ዘጠኝ ከአስር አውጥታ ማሽኔ አምስት ካወጣ ጥፋቱ የእንቁላሉ አይደለም፣ የኔ ነው።

እንደ አካባቢው የምመርጠው

ቆላ፣ ከ1500 በታች፤ መጀመሪያ ያለ ውሃ አስነስታችሁ ማሽኑ ስንት እንደሚያሳይ እዩ፣ ከዛ እንደ ጋምቤላ እርጥብ ቦታ ከሆነ ጠባብ ቦይ ብቻ። ገንዘባችሁን ሂዩሚዲፋየር ላይ አታውጡ። ውሃ ካላበዛችሁ ቆላ ላይ የሚገድላችሁ እርጥበት ሳይሆን ሙቀት ነው፣ ክፍሉ 35 ካለፈ ማሽኑ ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልምና ከ37.5 ያልፋል። እንቁላሉም ከመግባቱ በፊት ከ21 ዲግሪ በላይ የሆነ ክፍል ውስጥ ከቆየ ፅንሱ በግማሽ ነቅቶ ይሞታል፣ ስለዚ ለቀማችሁ በሁለት ሶስት ቀን አስገቡ። የደጋ ሰው እስከ ሳምንት ቢያቆየው ችግር የለውም፣ ቤቱ ራሱ ፍሪጅ ነው።

ወይና ደጋ፣ ባህር ዳር፣ ሀዋሳ፣ አዳማ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ ላላችሁ፤ ሰፊ ትሪና የነጠላ ቁራጭ ይበቃችኋል፣ ከ58 እስከ 64። የሚያስፈልጋችሁ ማሽን ሳይሆን ትጋት ነው፣ ውሃው ማታ አልቆ ጠዋት ደርቆ እንዳታገኙት። በጎን በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ በስሪንጅ ከውጪ ጨምሩ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ስትጨምሩ ማሽኑ ሙቀት ይወርድበታል።

ደጋ፣ ከ2300 በላይ፤ ትንሽ ማሽን ከሆነ ነጠላው፣ ትልቅ ከሆነ ሂዩሚዲፋየር፣ ቀዳዳ ሁሌ ክፍት። አዲስ አበባ በሁለቱ መሃል ላይ ነች ግን እንደ ደጋ አስቧት። ሌላ የሚያሳስት ነገር፣ ክዳኑ ላይ ጤዛ ተንጠልጥሎ ሲንጠባጠብ አይታችሁ "ረጠበ" ብላችሁ ውሃ አትቀንሱ። ማሽኑ ውስጥ 66 ከሆነ ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ ነገር ሁሉ ላይ ጤዛ ይሰራል፣ የቀዘቀዘው ክዳኑ ነው፣ እንቁላሉ ከታች እየደረቀ ሊሆን ይችላል። ጋቢ ጣል አድርጉበት፣ ቀዳዳውን ሳትሸፍኑ። ጤዛው ሲጠፋ ሙቀቱም ይረጋላችኋል፣ መብራት ሲሄድም አንድ ሰዓት ታተርፋላችሁ።

ወሩንም አስቡበት። ለፋሲካ ዶሮ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ሳሶ ዓይነቱን ቶሎ የሚያድግ ዝርያ ታህሳስ መጨረሻና ጥር ላይ ነው የሚፈለፍለው፣ ያ ደግሞ አየሩ ውርጭና ደረቅ የሆነበት ጊዜ ነው። ሰው በመስከረም የሰራለትን ሴቲንግ ይዞ ጥር ላይ ይገባና ግማሹ ይቀርበታል። ለበጋ ትሪውን እጥፍ አድርጉት ወይም ነጠላውን ጨምሩ፣ ቁጥሩ ያው ሆኖ የሚፈልገው ውሃ ነው የሚለየው።

ከ18ኛው ቀን በኋላ

ማገላበጡ ይቆማል፣ እርጥበቱ ወደ 70 ይወጣል፣ ደጋ ላይ እስከ 75። እዚህ ላይ የሚፈለገው ክብደት መቀነስ ሳይሆን ሽፋኑ እንዳይደርቅ ነው፣ ስለዚ ቆላም ያለ ሰው ውሃ የሚሞላው አሁን ነው። ቀዳዳው አሁንም ክፍት፣ እንዲያውም አሁን ነው በጣም የሚያስፈልገው። ክብደቱ በ18ኛው ቀን 9 ፐርሰንት ብቻ ቀንሶ ካገኛችሁት 70 ላይ ለመውጣት አትቸኩሉ፣ የመጀመሪያው ጫጩት እስኪበሳ 60 አካባቢ ያዙት።

ክዳን መክፈት የለም። እናቴ ጫጩቶቹ ሲንጫጩ ሰምታ "ሚስኪን ይታፈናሉ እኮ" ብላ ክዳኑን ብድግ አድርጋ ስታያቸው አገኘኋት፣ ቆማ እያወራቻቸው ነው። 72 የነበረው 31 ላይ ወርዶ ነበር፣ ተመልሶ እስኪወጣ ሃያ ምናምን ደቂቃ ፈጀ፣ በዛ መሃል ቅርፊት በስተው የነበሩ ሶስት ጫጩቶች ሽፋኑ ደረቀባቸውና እዛው ቀሩ። አሁን 18ኛው ቀን ሲደርስ ክዳኑን በፕላስተር አሽገዋለሁ፣ ላዩ ላይ በማርከር "እማዬ አይከፈትም፣ እሁድ ይወጣሉ" ብዬ እፅፋለሁ፣ እሷም ወንበር ስባ በመስታወቱ ታያቸዋለች።